የሁለት ሳምንት ትንፋሽ

«እስቲ ሳታዪ ቁረጪ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ልጅቷ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከሊጡ ጫፍ በመቁረጫው ቀነጠበችና ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገች፤ መቶ ሃያ ግራም። ደገመች፤ መቶ ሃያ። በሦስተኛው መቶ ሃያ አንድ መጣ።

«አንዷ ምርቃት ናት!» አሉ ምድጃው ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሬዲዮ አልሳቀችም። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ እሷ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ወሬ ስለማትጠግብ ሠራተኞቹ «ሬዲዮ» ብለው አውጥተውላት በዚያው ቀረ። መቁረጫውን የያዘችው ግን የአጎቷ ልጅ ናት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባቷ የሞተ ጊዜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ እነሱ ቤት መጣች። በመጣች በሦስተኛው ወር እጇ ከሚዛኑ እኩል ሆነና «ግራም» ተባለች። ሬዲዮ እዚህ ጠረጴዛ ሥር እየዳኸች አድጋ «ሬዲዮ»፣ ትናንት የመጣችው «ግራም»! እንደው ይሄ ፍርድ ነው?

«እኔም ልሞክር» አለች።

«አንቺ ፈተና የለብሽም እንዴ?» አለ አባቷ ቀና ሳይል።

«ፈተናው የዛሬ ሳምንት ነው።»

«እንግዲያው ሳምንቱን ሙሉ አጥኚ። በይ ውጪልኝ ከዚህ።»

ሁሌም እንዲህ ነው። ለግራም «ነይ እዪ»፣ ለሬዲዮ «ውጪልኝ»። የሚሰማት ቅናት እንደሆነ አልጠፋትም፤ ስሙን ማወቋ ግን ምንም አላቀለላትም።

በሩ ጋ ሳትደርስ ግራም አስነጠሳት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ከዚያ ሳሉ ተከተለ። ወዲያው ሠራተኞቹ በእጃቸው ያገኙትን የዳቦ ትሪ ይቀጠቅጡ ጀመር። «ዱቄት ወደዳት! ዱቄት ወደዳት!»

የዚህ ቤት ወግ ነው ይሄ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ውሎ አድሮ ያስነጥሰዋል፤ ሲያስነጥሰው ትሪ ይመታለታል። ከዚያ ማሳል ይጀምራል፤ ያኔ ደግሞ «ደረቱ እየለመደ ነው» ይባላል። ያላስነጠሰው ጋጋሪ ገና እንግዳ ነው። ሽማግሌው እንደሚሉት እሳቸውን በወጣትነታቸው አንድ ዓመት ሙሉ አስነጥሷቸዋል፤ ይሄንንም ሲያወሩ ሜዳሊያ እንደተሸለመ ሰው ነው።

ሬዲዮን አስነጥሷት አያውቅም። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አንድ ቀን ማንም ሳያያት ጣቷን ዱቄት ነክራ አፍንጫዋ ውስጥ ከታ ነበር። ዓይኗ በእንባ ተሞላ፣ አፍንጫዋ ተደፈነ፣ ንጥሻ ግን የለም። ሽማግሌው ደርሰውባት ሲስቁ ሆዳቸውን ይዘው ነው። «ዱቄት በግድ አይወድም የኔ ልጅ!» አሏት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንግዲህ ግራም የእጅ ሙያውንም አግኝታ፣ የሬዲዮን አባት ፊትም አግኝታ፣ ንጥሻውንም አገኘች። የሰው ሳል ያስቀናል? ሬዲዮን አስቀናት።

* * *

የግራምን ሳል እንደ ሙገሳ ያልሰማችው የሬዲዮ እናት ብቻ ናት። ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ዳቦ የምትሸጠው እሷ ናትና፣ አንድ ከሰዓት ደንበኞች ሱቁን ከመጋገሪያው ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ የሚያስለው ማነው ብለው ሲተያዩ አየች። ማታውኑ ቆረጠች።

«ነገ ክሊኒክ ትሄጃለሽ» አለቻት ግራምን። ወደ ሬዲዮ ዞራ «አንቺም አብረሻት። ከትምህርት ቤት ቀጥታ» አለች።

«እኔ ደግሞ ምን ቤት ነኝ?»

«እህቷ ነሻ!»

ሬዲዮ ደረጃውን በእግሯ እየደበደበች ወደ ክፍሏ ወጣች።

የክሊኒኳ ነርስ ወጣት ናት፤ ቸኩላ የምትሠራ፣ ግን ሰው ሲያወራ እጇን አቁማ የምታዳምጥ። የግራምን ጀርባ አዳመጠች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ እንደገና ወደ ጀርባዋ ተመለሰች።

«መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?»

«ዝም ብሎ ነው። ጉንፋን ነው መሰለኝ» አለች ግራም።

«ኧረ ባክሽ!» አለች ሬዲዮ። «ከሰዓት በኋላ ነው ሲስተር፤ ዱቄት ስትነፋና ጆንያ ስታራግፍ። ደረጃ ስትወጣ ደረቷ ያፏጫል። እሁድ ሥራ ስለሌለ ምንም አይላትም፤ ሰኞ እንደገና ይጀምራታል።»

ነርሷ ሬዲዮን ተመለከተቻት። «አንቺ ጎበዝ ነሽ። ሐኪም እንኳን እንዲህ አድርጎ አይነግረኝም።»

ሬዲዮ ደረቷ ሲነፋ ተሰማት። ግራም በጎን አፍጥጣባታለች፤ ታፍጥጥ!

ነርሷ ጥያቄዋን ቀጠለች። ልጅ ሆነሽ ቤት ውስጥ ምግብ የሚበስለው በምን ነበር? በከሰል። የት? እዚያው ነዋ፣ ክፍሉ አንድ ነው። ደረትሽን ያምሽ ነበር? አዎ፣ በየክረምቱ። አሁንስ የት ነው የምትተኙት?

«ከዱቄት መጋዘኑ በላይ» አለች ሬዲዮ። «መጋዘኑ ሲሞላ የተረፈው ጆንያ እኛ ክፍል ይመጣል። መስኮቱ ደግሞ ታክሲ ማቆሚያው ላይ ነው። ስንከፍተው የመኪና ጭስ፣ ስንዘጋው የዱቄት ብናኝ። ምርጫ በምርጫ ነን!»

ነርሷ ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ ከመሳቢያ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አወጣች። በጎኑ ላይ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ሲነፉት ቀይ ጠቋሚ ወደፊት ይገፋል። ብዙ ከገፋ ትንፋሽ እንደልብ ይወጣል፣ ጥቂት ከገፋ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው።

«ጠዋት ስትነሺና ማታ ከሥራ ስትወጪ ሦስት ሦስት ጊዜ ትነፊያለሽ፤ ትልቁ ቁጥር ይጻፋል። በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። በሥራ ቀን እየወረደ በዕረፍት ቀን ከወጣ፣ ከዱቄቱ የመጣ አስም ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ለሐኪሙም የማሳየው እሱን ነው።»

«ዱቄቱ ከሆነስ?» አለች ግራም ቀስ ብላ።

«ያኔ ከዱቄቱ መራቅ አለብሽ። ቶሎ ከራቅሽ ይሻልሻል። እየቆየ ከሄደ ግን ሳንባሽ ወደነበረበት ላይመለስ ይችላል። ይሄ የሚለመድ ነገር አይደለም።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሬዲዮ የያዘችው አንዱን ብቻ ነው፤ ከዱቄቱ መራቅ አለብሽ። ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ታያት፤ መቁረጫው የሚይዘው አጥቶ፣ አባቷ ዞር ብሎ ሲፈልጋት። ደስ አላት። ወዲያው አፈረች፤ መጀመሪያ ግን ደስ አላት።

«ማን ይመዝግብላት?» አለች ነርሷ።

«እኔ!» አለች ሬዲዮ።

* * *

መንገድ ላይ ግራም ለአፍታ ቆመች። ሲያፍናት በአፏ እንድትስበው ነርሷ የሰጠቻትን ሰማያዊ መድኃኒት ኪሷ ውስጥ ደብቃለች።

«ስሚ ሬዲዮ። ቁጥሩን በየቀኑ ሦስት መቶ ሃምሳ አድርገሽ ነው የምትጽፊው።»

«ምን? በውሸት?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ዱቄት ቤት ካልሠራሁ አጎቴ ምን ያደርጉኛል? እኔ እንዳንቺ ልጃቸው አይደለሁም። እጄ ስለሚሠራ ነው ቦታ ያለኝ።»

ሬዲዮ ሳቋ መጣ፤ የመረረ ሳቅ። እንዳንቺ ልጃቸው! አይ አለማፈር! ማን ከማን ጎን ቆሞ እንደሚውል የማታውቅ መሰላት እንዴ?

«እሺ» አለች።

ያን ዕለት፣ አርብ ማታ፣ ግራም ነፋች፤ ሁለት መቶ ስልሳ። ጠቋሚውን ሁለቱም አዩት። «ሦስት መቶ ሃምሳ» አለች ግራም በሹክሹክታ፣ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ሬዲዮ የእውነቱን ልትጽፍ ነበር፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ ሐሳቧ እሱ ነበር። ግን ከክሊኒክ እንደተመለሱ አባቷ የእንጨት እጀታ ያለውን መቁረጫ ለግራም ሰጥቷት ነበር። የአያቷ መቁረጫ ነው። ሬዲዮ በልጅነቷ እሱን ነክታ እጇን የተመታችበት። አባቷ በጨርቅ ጠራርጎ «በዚህኛው ሥሪ፣ ለእጅሽ ይስማማል» ሲላት ሬዲዮ መጋረጃው ጋ ቆማ ሰምታለች።

ሁለት መቶ ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ቀለላት። ማክሰኞ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲመጣ መቶ ዘጠና አለችው፤ ረቡዕ ሁለት መቶ አርባን መቶ ሰባ። የጠዋቱን አልነካችም፤ የእሁዱንም አልነካችም፣ ሦስት መቶ ሰባ ነበር። እውነተኛው ቁጥር ብቻውን ይበቃ ነበር እኮ! ሒሳብ የምትወድ ልጅ ናት፣ ልዩነቱ ጠፍቷት አይደለም። ግን እርግጠኛ መሆን ፈለገች። ወረቀቱን ሒሳብ ደብተሯ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ግራም ደግሞ አምናት ለማየት እንኳን አልጠየቀችም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሬዲዮ ከሱቁ ዳቦ ይዛ ወደ ክፍላቸው ስትወጣ ግራም አልጋ ላይ ተቀምጣለች። እስክሪብቶ ልትዋስ ደብተሩን ከፍታ ነበር። ወረቀቱ ጉልበቷ ላይ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

ሬዲዮ ዳቦውን የምታስቀምጥበት ጠፋት።

«የዚህ ሳምንት ሰኞ መቶ ሰማንያ ይላል። ሰኞ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ነበር። አብረን አይተነዋል።»

«ነርሷ… ነርሷ እውነቱን ጻፉ ብላለች።»

«እና ይሄ እውነት ነው?»

ሬዲዮ ዳቦውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ቦታዬን ፈልገሽ ነው፤ አይደል?» ግራም አልጮኸችም፤ ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽም አልነበራት። «እኔ እኮ እንደ እህቴ አምኜሽ ነው።»

«የማን ቦታ?» ሬዲዮ ራሷን ስትጮህ ሰማች። «የማን ቦታ ነው ያንቺ የሆነው? ልጁ እኮ እኔ ነኝ! መጥተሽ ሁሉን ነገር ወሰድሽብኝ! መቁረጫውን፣ አባቴን፣ ሁሉን!»

ግራም ከአልጋው ተነሣች። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው፤ ደግማ ለአራት።

«ነገ የትም አልሄድም» አለች። «ሁሉም ውሸት ነው። ደረቴም ምንም አልሆነም፣ አንቺ የፈጠርሽው ነው።»

ሬዲዮን ያስፈራት ቁጣዋ አይደለም። ግራም ይሄን ስትል ከልቧ ነበር፤ ፊቷ ላይ የሚታየው ዕፎይታ ነው።

* * *

አርብ ሬዲዮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ክፍሏ አልወጣችም፤ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ግራም እውስጥ ነበረች። ዱቄቱን በትልቁ ወንፊት ስትነፋ ቆይታ፣ አሁን አንድ እጇን የበሩ መቃን ላይ አድርጋ ቆማለች። ትከሻዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይወርዳል። አየሩ ነጭ ነው፤ በትንሿ መስኮት የገባው ብርሃን ውስጥ ብናኙ ቆሞ ይታያል።

«ግራም?»

«ሂጂ…» አለች። ተነፈሰች። «ከዚህ… ምንም…» እንደገና ተነፈሰች። «አልሆንኩም።»

አራት ቃል ነው። አራት ቃል ለማለት ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ወሰደች። ጀርባዋን አዙራ ከጆንያዎቹ ኋላ ሰማያዊውን መድኃኒት ሳበች፤ ሬዲዮ ድምፁን ሰማችው።

ሽማግሌው በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን አስገቡ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ደረትሽ እየለመደ ነው!» ክፋት የለባቸውም፤ ደግ ሰው ናቸው። ግራም እጇን አንስታ ፈገግ አለችላቸው።

ሬዲዮ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራችው ነገር ያን ጊዜ ነው የገባት። ይቺ ልጅ ታማለች። ለመታመሟ አንድ ማስረጃ ነበር፣ እሱን ደግሞ ሬዲዮ በገዛ እጇ ውሸት አደረገችው። አሁን ሄዳ «ግራም ታማለች» ብትል ማን ይሰማታል? ቀናተኛ ናት ይሏታል። ልክ ናቸው፣ ቀናተኛ ናት። ግን ግራም ታማለች።

አባቷን ያገኘችው ማቡኪያ ማሽኑን ሲያጥብ ነው። ሌሎቹ ለቡና ወጥተዋል።

«አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ። እስክጨርስ እንዳትቆጣኝ።»

«አሁን ደግሞ ምን ሰበርሽ?»

ነገረችው። ስለ ቱቦው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ግራም ከፍ አድርጊ ስላለቻት፣ እሷ ግን ዝቅ አድርጋ ስለጻፈችው። ሁለት መቶ ስልሳውን ሁለት መቶ እንዳለችው እንኳን ሳይቀር ነገረችው። አባቷ መጥረጊያ ጨርቁን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ።

«ምን ብለሽ ነው እንዲህ ያደረግሽው?»

«እሷን ስለምትወዳት!» አለች ሬዲዮ፤ ለቅሶዋ ቀደማት። «ለእሷ ሁሉን ታስተምራታለህ። የአያቴን መቁረጫ ሰጠሃት። እኔን ውጪልኝ ነው የምትለኝ። አንድ ቀን እንኳን ነይ ብለኸኝ አታውቅም!»

አባቷ ቧንቧውን ዘጋ። የማሽኑ ጠርዝ ላይ ተደገፈና ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«አያትሽ መጨረሻ ላይ ጋደም ማለት አይችልም ነበር» አለ። «ተቀምጦ ነበር የሚያድረው። ትራስ ደራርበንለት፣ ቁጭ ብሎ። አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺውም። ያኔ ነው ልጄን ከዚህ ዱቄት ጋር አላውላትም ብዬ የማልኩት። እና ውጪልኝ የምልሽ ጠልቼሽ ነው እንዴ? ደረትሽን ፈርቼ ነው እንጂ።»

ሬዲዮ ሁለት ዓመት ሙሉ የተራበችው ይሄንን ነበር። አባቷ ከሁሉ አብልጦ ይወዳታል፤ በገዛ አፉ ነገራት። ሰውነቷ ሁሉ ሞቅ አለው። እሰይ ልትል ነበር።

ከመጋዘኑ ሳል ተሰማ።

«እሷስ?» አለች ሬዲዮ።

አባቷ ወደ መጋዘኑ ዞረ።

«ደረት እንደሚጎዳ ካወቅህ፣ እሷስ?»

«ምንም ሳይኖራት ነው የመጣችው» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ምን ነበረኝ የምሰጣት? ያለኝ ይሄ ሙያ ነው። ደግሞ እጇ… እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ትለምደዋለች ብዬ…»

«አንተ ለመድከው?»

አባቷ መጥረጊያውን አንስቶ የታጠበውን ማሽን እንደገና ያጥበው ጀመር።

* * *

አመሻሹ ላይ ሁለቱ ልጆች ክፍላቸው ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም አልተናገሩም። ለሬዲዮ ይሄ ከዱላ ይከፋል፤ ቢሆንም ችላዋለች።

ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ። ዘገምተኛ ነው። ከአምስተኛው ደረጃ ላይ ቆመ፤ ቆይቶ ቀጠለ፤ ከዘጠነኛው ላይ እንደገና ቆመ። ግራም ደንግጣ ብድግ አለች። ግራም እዚህ ቤት ከመጣች ጀምሮ አጎቷ ወደዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም።

«አጎቴ! ምን ሆኑ?»

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።» ጥግ ላይ የተደረደረው ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። ሁለቱም ጠበቁት። «ይቺ ያበላሸችውን ነግራኛለች» አለ ወደ ሬዲዮ እያመለከተ። «እሱን እናንተ ተነጋገሩበት። የኔን ጥፋት ግን እኔ ልንገርሽ።»

ግራም ወደ ሬዲዮ ዞረች፤ ሬዲዮ መሬት መሬት አየች።

«ይቺን ዱቄት ቤት የማላስገባት ደረቷን ፈርቼ ነው። ስላንቺ ግን አልፈራሁም። ወንድሜ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር? ከሰዓት ጀምሮ እሱን ሳስብ ዋልኩ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ከነገ ጀምሮ ወንፊቱ ጋ አትደርሺም። ሰኞ እኔና አንቺ ነርሷ ጋ እንሄዳለን።»

የግራም ፊት ገረጣ። «ሊያስወጡኝ ነው?»

«ማን ያስወጣሻል? የወንድሜ ልጅ ነሽ። ሊጥ ቆረጥሽም አልቆረጥሽም ቤትሽ ነው። ይሄን የመጣሽ ቀን ነበር ማለት የነበረብኝ።»

ግራም ያመነችው አትመስልም። አንድ ቃል ሲነገራት ወዲያው የምታምን ልጅ ብትሆን ኖሮ ሦስት መቶ ሃምሳ ጻፊ ባላለችም ነበር።

«በይ አሁን ያንን ነገር ንፊልኝ፤ እኔም ልየው» አለ የሬዲዮ አባት።

ግራም ቱቦውን ከትራሷ ሥር አወጣች። ነፋች፤ ደገመች፤ በሦስተኛው ሳሏ አቋረጣትና ትንሽ ቆይታ እንደገና ነፋች። የሬዲዮ አባት ቱቦውን ተቀብሏት እጁን ወደፊት ዘረጋ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ ዓይኑን አጠበበ።

«መነጽሬን ታች ትቼዋለሁ» አለ። ቱቦውን ወደ ሬዲዮ አቀበላት። «አንቺ አንብቢው።»

ሬዲዮ እጇ ላይ ያዘችው። ግራም ታያታለች። እየለመነቻትም አይደለም፣ ተቆጥታም አይደለም፤ ምን እንደምታደርግ ለማየት ብቻ። ዝቅ ያለ ቁጥር ብትጠራ ቀናተኛዋ ሬዲዮ ናት፣ እውነት ቢሆን እንኳን። ከፍ ያለ ብትጠራ ግራም ይቅር ትላት ይሆናል፤ ነገ ከነገ ወዲያም ተመልሳ ዱቄቷን ትነፋለች። ጠቋሚው ከአውራ ጣቷ ሥር ነው፤ ትንሽ ጎንበስ ብትል ታየዋለች።

አላየችም። ቱቦውን ገልብጣ ለግራም መለሰችላት። ከሒሳብ ደብተሯ መሃል አንድ ንጹሕ ወረቀት ገነጠለች፤ መስመር አሰመረችበት፤ ቀኑን ጻፈች።

«አንቺ አንብቢው» አለች። «ያልሽውን እጽፋለሁ።»

«ያልኩትን?»

«ያልሽውን። ምንም ብትዪ።»

ግራም ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ታች ታክሲዎቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፤ የሬዲዮ አባት ጆንያው ላይ ሆኖ ይተነፍሳል። ሬዲዮ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። ሦስት መቶ ሃምሳ ብትላት ልትጽፈው ቆርጣለች።

«ሁለት መቶ ሠላሳ» አለች ግራም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሄን ያህል ወርዶ አያውቅም። ሬዲዮ አንገቷን አስግጋ አላረጋገጠችም። ከቀኑ ጎን ሁለት መቶ ሠላሳ ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ከእስክሪብቶው ጋር ግራም አልጋ ላይ አስቀመጠችው።